ጥርሷ በኔ የወጣ መስሎኝ

ልጄ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን የተማረችው ከኔ ነው። መጀመሪያ እኔን እያየች ለመደችው፤ በኋላ ደግሞ እኔው በገዛ አፌ «ሸፈን አድርጊው» አልኳት። ስለ ጥርስ ልጽፍ ተነስቼ ስለ እጅ የማወራው፣ የደረሰብን ሁሉ ከዚህ ስለሚጀምር ነው። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ የሐኪም ቃል መደርደር አልችልም። ያየሁትን ነው የምጽፈው። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ እናቶች ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ማንበብ የማትችል ጎረቤት ካለቻችሁም አንብቡላት።

የተወለድኩት ወንጂ ነው። አባቴ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነበርና የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ጥርሱ የበለዘ ነው፤ የአንዱ ቡናማ ይሆናል፣ የሌላው እንደ ዥጉርጉር ነገር። እዚያ ሳለሁ ማንም በማንም አይስቅም፤ ሁላችንም አንድ ነን። ነውር መሆኑን ያወቅኩት አግብቼ አዲስ አበባ ስመጣ ነው። ባለቤቴ ሙላቱ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ጫኝ ነው፤ ቤታችንም ከዚያው ብዙ አይርቅም። በሠርጋችን ማግስት እህቱ ወርቅነሽ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ፣ «ወንድማችን ከወንጂ ስኳር ይዞልን ይመጣል ስንል የቡና አተላ ይዞልን መጣ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ነጠላዬ ወደ አፌ የሄደው ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አፌን ሳልሸፍን የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

ልጅ ቶሎ አልሰጠኝም። ትዕግሥትን የወለድኩት ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ተስፋ ቆርጦ «ተዪው በቃ» ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። ጥርሷ ሲበቅል ነጭ ሆኖ ወጣ። ሙላቱ ስለ መልኳ፣ ስለ ዓይኗ ሲያወራ እኔ ጥርሷን ነበር የማየው። ቤት ለመጣ ሰው ሁሉ «እስቲ ሳቂ፣ ጥርስሽን አሳዪያቸው» እላታለሁ። ወርቅነሽ ስትመጣማ ደጋግሜ ነው የማስቃት።

ስኳር እንደምታውቁት በቀበሌ በኩፖን ነው። ወንድሜ ግን እዚያው ወንጂ ስለሚሠራ፣ ሊጠይቀን በመጣ ቁጥር በከረጢት ይዞልኝ ይመጣል። በሰፈሩ «እነሱ ቤት ስኳር አይጠፋም» ተባለልኝ፤ እኔም ነገሩን ወደድኩት። የትዕግሥትን ወተት በጡጦ ሳዘጋጅ ስኳሩን አልሰስትም። ጡጦዋን እንደጎረሰች ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ሦስት ዓመት አልፏትም አላስጣልኳትም። ደንደን ያለች ልጅ ነበረች፤ ሰው «ተባረኪ፣ እንዴት ያማረች ልጅ ናት» ሲለኝ ደረቴ ይነፋል።

አንድ ቀን እናቶች ልጆቻችንን ይዘን ቀበሌ አዳራሽ እንድንመጣ ተጠራን። የጥርስ ሐኪም መጥታ ነበር፤ ወጣት፣ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ንግግሯ ረጋ ያለ። የሕፃን ጥርስ በስኳር እንዴት እንደሚበሰብስ አስረዳችን። ከዚያ ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣችና «ይኼ ፍሎራይድ ያለበት መድኃኒት ነው» አለች። «ጥርስ ላይ በስሱ ሲቀባ ጥርሱን ያጠነክረዋል፤ ስኳር ቶሎ አይጎዳውም። ዛሬ እንቀባላቸዋለን፤ ልጆቻችሁን አሰልፉ።»

ከኋላ አንዷ «ከምን የተሠራ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሐኪሟ አልደበቀችም። «ከመሬት የሚገኝ ነገር ነው፤ ውሃ ውስጥም አለ። በእነ ወንጂ፣ በእነ ዝዋይ በኩል በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ከልክ በላይ አለ። ልጆች ጥርሳቸው ድድ ውስጥ ገና ሲሠራ ያንን ውሃ ስለሚጠጡ ጥርሳቸው በልዞ ይወጣል። በትንሹ፣ በላዩ ላይ ሲቀባ ግን ጥቅም ነው።»

አልሰማሁም ብዬ አላመካኝም። በትንሹ ይጠቅማል ስትል በሁለቱም ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነገር ግን «ወንጂ» ስትል አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ዞር ብለው አፌን አዩኝ። ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ ጠጋ ብለው «እንዴ! ያንቺስ ከሱ ነው ለካ?» አሉኝ። ክፉ አስበው አልነበረም፤ አንድ ነገር የገባው ሰው እንደሚናገረው ነው የተናገሩት። ፊቴ ተቃጠለ። እኔን እንዲህ ያደረገኝ ነገር ከሀገሬ ድረስ ተከትሎ መጥቶ ልጄን ሊያበላሽብኝ ነው አልኩ። ተነስቼ ትዕግሥትን ከሰልፉ ጎትቼ አወጣኋት።

በር ላይ የምትመዘግበው ልጅ «እትዬ፣ የሷ ሳይቀባ?» አለችኝ።

«የሷ ጥርስ ነጭ ነው፤ አይፈልግም» ብያት ወጣሁ።

ቤት እንደገባሁ ሙላቱ ከሥራ ቦታው ያመጣትን የጥርስ ሳሙና አንስቼ ጣልኳት። ላይዋ ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ማንበብ አልችልም። ግን ያ ነገር ሳይኖርባት አይቀርም ብዬ ነው።

ከዚያ ወራት አለፉ። ትዕግሥት አራት ዓመት ሊሆናት ሲል የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቿ ላይ፣ ድዷ ሥር፣ እንደ ኖራ ያለ ነጭ መስመር አየሁ። ከነጭ በላይ ነጭ ሆነልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ቆይቶ መስመሩ ወደ ቢጫ ሄደ። ከዚያ ቡናማ ሆነ።

በዚያን ቀን በኔ ወጣች አልኩ። በልጅነቴ የጠጣሁት ውሃ በደሜ አልፎ እሷ ላይ የደረሰ መሰለኝ። በሽታ መስሎ ቢታየኝ ኖሮ ሐኪም ቤት እወስዳት ነበር። የታየኝ ግን የዘር ነገር ነው። የዘር ነገር አይታከምም፤ ይደበቃል። እኔም ደበቅኳት።

ጠዋት ጠዋት ሙላቱ ሥራ ሲሄድ ከሰል ፈጭቼ፣ በሎሚ ለውሼ፣ በጨርቅ ጥርሷን እፈትግላታለሁ። «እማዬ ያቃጥላል» ትለኛለች። «ነጭ እንዲሆንልሽ ነው፣ ትንሽ ቻይ» እላታለሁ። ሎሚው ራሱ ጥርሷን ይበላው እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ወርቅነሽ መጣች ሲባል ደግሞ ቶሎ ጠርቻት፣

«ስትስቂ ሸፈን አድርጊው» አልኳት።

«ምኑን?»

«አፍሽን። ትልልቅ ሴቶች እንዲህ ነው የሚስቁት።»

ትልቅ ሴት በመባሏ ደስ አላት። ትንሿን መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ ያያት ሁሉ «አይ ጨዋ!» ይላል። እኔ ብቻ ነኝ ምን እንደሸፈነች የማውቀው።

ሕመሙ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። በአንድ ወገን ማኘክ ጀመረች። ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ትጮሃለች። ከዚያ ጆሮዋን እየያዘች ማልቀስ አመጣች። ወደ ሃያ ሁለት ማዞሪያ በኩል ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። አግዳሚው ላይ ተራ ስንጠብቅ ረፋዱ አለፈ። የተቀበለን ሰውዬ ደክሞታል፤ ቀና ብሎም አላየን።

«ምኗን ነው?»

«ጆሮዋን ነው ጌታዬ።»

በመብራት ጆሮዋን አየላትና «እስቲ አፍሽን ክፈቺልኝ» አላት። ትዕግሥት መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ሰውየው እኔን አየኝ። በዚያች ሰዓት እጇን ላወርድላት እችል ነበር። «እሺ አትልም፣ ዓይነ አፋር ናት። ጆሮዋን ነው» አልኩት። የጆሮ ጠብታ ሰጠን። ሁለተኛ ስንሄድ ሌላ ሰው አገኘን፤ እሱም የጉሮሮ ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጠን። እኔ ካልነገርኳቸው እነሱ ከየት ያምጡት?

እትዬ በላይነሽ ደግሞ «እንጥሏ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥላት። ላምበረት በኩል እጁ ቀላል የሆነ ሰው አለ፣ የኔንም ልጆች እሱ ነው የቆረጠልኝ» አሉኝ። ልወስዳት ቆርጬ ነበር። ያዳነን ሙላቱ ነው። ማታ ከሥራ ገብቶ እራቷን ሳትነካ መተኛቷን ሲያይ ጠየቀኝ።

«ይቺ ልጅ ምንም አትበላም። አፏን አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

«እና?»

«እንጥል ነው ይላሉ። ነገ አስቆርጣታለሁ።»

«ማን ነው የሚለው? በምላጭ? ልጄን ማንም በምላጭ አይነካብኝም!»

አውሮፕላን ሊያርፍ በላያችን አለፈ፤ ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ እንደ ልማዳችን ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅን። ካለፈ በኋላ «ደግሞ አፏን ስትሸፍን አያታለሁ። ምንድን ነው እሱ?» አለኝ። ሰሃኑን አንስቼ ወጣሁ።

እሑድ ጠዋት ትዕግሥትን ከአባቷ ጋር ትቻት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ ሙላቱን ደጅ ላይ አቅፏት አገኘሁት። ግራ ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ደፍኖታል። ቆዳዋ ያብረቀርቃል፤ ግንባሯ እንደ ምጣድ ይፋጃል። «እማዬ» ልትለኝ ፈልጋ አፏ አልከፈት አላት። ያን ጊዜ ነጠላዬ ከትከሻዬ መውደቁንም አላወቅኩም፤ ጎረቤት ነው ተከትሎ ያቀበለኝ።

ታክሲ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ተረኛው ሐኪም አይቷት ወዲያው አስተኛት። ከጥርስ የተነሳ መግል ነው፤ ወደ ዓይኗና ወደ አንጎሏ ከተሻገረ ሕይወቷ ያሰጋል አለን። የፔኒሲሊን መርፌ ጀመሩላት። ጥርስ ክፍሉ እሑድ ዝግ ስለሆነ እስኪነጋ መጠበቅ ነበረብን። ስለዚያች ሌሊት ብዙ አልጽፍም። በተኛች ቁጥር እጄን አፍንጫዋ ሥር አድርጌ ትንፋሿን እፈልግ ነበር። አጠገባችን የልጅ ልጃቸውን የሚያስታምሙ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡልኝ። «ምነው ነጠላሽን አፍሽ ላይ እንዲህ አጠበቅሽው፣ ልጄ? አንቺንም አመመሽ እንዴ?» አሉኝ። «አይ፣ ብርድ ነው» አልኳቸው።

ሲነጋ የጥርስ ሐኪሟ መጣች። ቀና ብዬ ሳያት ያቺው የቀበሌ አዳራሿ ሴት ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የትዕግሥትን ከንፈር በቀስታ ገለጥ አድርጋ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ይኼ ጥርስ መበስበስ ከጀመረ ቆይቷል። ቤት ውስጥ ማንም አላየውም?»

ሙላቱ ወደኔ ዞረ። መናገር ነበረብኝ።

«በኔ የወጣች መስሎኝ ነው፣ ዶክተር።»

«አልገባኝም።»

«እኔ የወንጂ ልጅ ነኝ።»

አፌ ላይ የያዝኩትን ነጠላ አየችው። ከዚያ «እስቲ ነጠላዎን ዝቅ ያድርጉልኝ» አለችኝ። ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠች። በትንሿ መስታወትና በባትሪዋ አፌን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ሙላቱ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ ያያል። በትዳራችን ዘመን ሁሉ አፌን እንዲህ አይቶት አያውቅም፤ አሳይቼውም አላውቅም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጥርስዎ በልዟል» አለች። «ግን አንድም የተቦረቦረ የለውም። የርስዎ ከፍሎራይድ ብዛት የመጣ ነው። የልጅዎ ደግሞ በስኳር የበሰበሰ ነው፤ የሚያጠነክረውም ነገር አላገኘም። ሁለቱ አይገናኙም። የበለዘ ጥርስ በዘር አይወረስም፤ ያንን ውሃ ያልጠጣ ልጅ አይበልዝም። እሷን ያመማት ከርስዎ የወረሰችው አይደለም።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከኔ አልወረሰችም ማለት ነው እኮ! ግን ከወርቅነሽ ስድብ የባሰ ያሳፈረኝ ይኼ ነው። የሌለ ነውር ልደብቅ ብዬ ያለውን በሽታ ደበቅኩ። መድኃኒቱን እምቢ ያልኩትም፣ ስኳሩን በጡጦ ያጠጣሁትም፣ ሎሚ የቀባሁትም እኔ ነኝ። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሙላቱ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። «ከኔ ደበቅሽው?» አለኝ።

«ካንተ አይደለም። ከእህትህ ነው።»

«ይቺ ልጅ የእህቴ ናት?»

ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ስለ ጥርስሽ አንድ ቀን ተናግሬሽ አውቃለሁ?» አለኝ። አያውቅም። እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ ለቀናት «አምጪ»፣ «ውሰጂ» ከማለት ሌላ አላናገረኝም።

እብጠቱ በመርፌው ሲቀንስ የላይኛዎቹን አራት የፊት ጥርሶችና አንድ መንጋጋ ነቀሉላት። ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሙላቱ ደሙን ሲያይ ወጣ። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» እያልን ቸል የምንለው ጥርስ እንዲህ ሥር እንዳለው አላውቅም ነበር። ሐኪሟ እንደነገረችኝ የወተት ጥርስ ለዋናው ጥርስ ቦታ ጠባቂ ነው፤ ሲመግል ከሥሩ የሚበቅለውንም ሊጎዳው ይችላል። ከሆስፒታል በወጣን ማግስት «ራበኝ» አለች። ድንች ቀቅዬ፣ አላሽቄ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ አጎረስኳት። ስትውጥ እያየሁ አለቀስኩ። ሙላቱም አጠገባችን መጥቶ ተቀመጠና ማንኪያውን ከእጄ ተቀበለኝ።

ሐኪሟ የነገረችኝን እንደያዝኩት ልጻፍላችሁ። ልጅ ወተትም ሆነ ጣፋጭ ነገር በጡጦ እንደያዘ አይተኛ። ጥርሱ እንደበቀለ መጽዳት ይጀምር፤ ማታ ከመኝታ በፊት የግድ ነው፣ የሚያጸዳለትም ትልቅ ሰው ይሁን። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ጥሩ ነው፤ ለትዕግሥት ዕድሜ የአንድ አተር ፍሬ ያህል ብቻ፣ ሳትውጠው ትትፋው። ልጅ የጥርስ ሳሙና ይብላ አይባልም፤ የሚያበልዘው ድድ ውስጥ ያለ ጥርስ ገና ሲሠራ በብዛት መዋጥ ነው። በሐኪም እጅ በየጊዜው በላዩ ላይ የሚቀባው ግን አያበልዝም፤ በተቀባበት ቀን ቢጫ ቢመስል በማግስቱ ይለቃል። ጥርስ ላይ የኖራ መስመር ስታዩ ደግሞ እንደኔ ደስ አይበላችሁ። መበስበስ የሚጀምረው በሱ ነው፤ ያኔ ከተደረሰበት ሊቆም ይችላል።

ያ መስመር በቀሩት መንጋጋዎቿም ላይ ጀምሮ ነበር። ሐኪሟ እንዲቀባላት ቀጠረችን። እንዳንዘገይ አጥብቃ ነገረችኝ፤ ከዘገየን እነሱንም መንቀል ይመጣል።

በቀጠሮው ቀን ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። በሩ ክፍት ነው፤ ተራ የሚጠብቁት ወደ ውስጥ ያያሉ። ሁለት ተማሪዎችም ከሐኪሟ ኋላ ቆመዋል። ትዕግሥት ወንበሩ ላይ ወጣችና ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ደረበች።

«መርፌ የለም፣ መንቀል የለም» አለቻት ሐኪሟ። «ይኸው ጥጥ ነው። ማር መሳይ ነገር ነው የምቀባሽ።»

ትዕግሥት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አባበልኳት። ሳንቲም እሰጥሻለሁ አልኳት። ተቆጣኋት። ከበር ላይ አንድ ሰውዬ «እኔ ልግባና እሷ ታስብበት!» አለ፤ ሰው ሳቀ። ሐኪሟ ጥጡን አስቀመጠች።

«በግድ አልቀባትም። ዛሬ አስገድጃት ከፈራች ከእንግዲህ ለማንም ሐኪም አትከፍትም። ሌላ ቀን ይምጡ።»

ሌላ ቀንም ያው እንደሆነ አውቃለሁ። እጇን አፏ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። «ትዕግሥት፣ እጅሽን አውርጂ» አልኳት።

በጣቶቿ መካከል አየችኝ። «አንቺስ?»

ነጠላዬ አፌ ላይ ነበር። መቼ እንዳደረግኩት አላውቅም። በር ላይ ያሉት ይሰማሉ፤ ተማሪዎቹ ያዩኛል። ነጠላውን ወደ ትከሻዬ ጣልኩትና ጎንበስ ብዬ አፌን ከፈትኩላት፤ እስኪያመኝ ድረስ።

ትዕግሥት ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ጣቷን አስገብታ የፊት ጥርሴን ነካች።

«ቡኒ ነው» አለች።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«ያማል?»

«አያምም።»

«የኔ ግን ያም ነበር» አለችና እጇን አወረደች። ከፈተች።

ሐኪሟ ጥጡን አንስታ መቀባት ጀመረች። እኔ ከጎኗ እንዳጎነበስኩ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። እኔ ከዘጋሁ እሷም ትዘጋለች ብዬ ፈራሁ።